«ዘንድሮስ» ማለት ነውር ነውን?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ልደታ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ አንድ የታወቀ ሥርዓት አለ። ማታ ከእራት በኋላ ዝናቡ የክበቡን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ሰባት ስምንት የምንሆን ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። አንዱ ከደብተሩ መኻል ገጽ ይገነጥላል፤ በገጹም ላይ የዐሥራ አንድ ሰው ስም ይደረደራል። ግብ ጠባቂው ብዙ አያከራክርም። ተከላካዮቹ ላይ ድምፅ ከፍ ይላል፤ አጥቂው ጋ ሲደረስ ሻይ ይደፋል። የሚጻፈው የኢትዮጵያ ቡና አሰላለፍ ነው። ውድድሩ ገና አልተጀመረም፤ ከተጻፉትም ስሞች ውስጥ ሦስቱ ወይም አራቱ በዚሁ ክረምት የፈረሙ፣ ለቡድኑ አንድ ጨዋታ እንኳ ያልተጫወቱ ናቸው። ቢሆንም ገጹ ሲሞላ አንዱ ቀና ይልና «ዘንድሮስ?» ይላል። ሌሎቻችንም በአንድ አፍ «ዘንድሮማ!» እንላለን።

እነሆ በዚህ ነገር የሚሥቁብን ወንድሞችና እኅቶች በዝተዋል። ሣቅ ብቻ ቢሆን በቻልነው ነበር፤ አሁን ግን ሣቁን ወደ ፍልስፍና አሳድገውታል። «የኮሌጅ ተማሪ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሥራ ማጣት ማሰብ ሲገባው ስለ ግራ ክንፍ ተከላካይ ያስባል» ይሉናል። «ቡድናችሁ አንድ ጊዜ ዋንጫ ወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በግንባታ ላይ ነው፤ እናንተም በየዓመቱ ታምናላችሁ፤ ይህ ተስፋ ሳይሆን ሱስ ነው» ብለውም ይጨምራሉ። ይህችን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በመጀመሪያ ያሰብነው ለእነርሱ መልስ ለመስጠት ብቻ ነበር። ስንጽፍ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ አንዳንዱን ቃል ለክለብ መሪዎች፣ አንዳንዱንም ለራሳችን ለማዋል ተገደድን።

በመጀመሪያ እውነቱን እንመን። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው መብራት ኃይል ነው። ከዚያ በኋላ ዋንጫውን እየደጋገመ ቤቱ ያስገባው ቅዱስ ጊዮርጊስ መሆኑን የማያውቅ የለም። ቡና የሊጉን ዋንጫ ያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ መሪነት ነው። በዚያ ዓመት ዛሬ አንደኛ ዓመት የሚገባው ተማሪ ገና አፉን እየፈታ ነበር ብንል አናጋንንም። የዚያን ዋንጫ ወሬ እንደ ዐድዋ ታሪክ ከአባቱና ከአጎቱ ሰምቶ ያደገ ነው። ታዲያ ይህ ልጅ ቡናማና ቢጫ ለብሶ «ዘንድሮማ» ሲል፣ ያየውን ነገር እየናፈቀ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ያላየውን ነው የሚጠብቀው።

የሚሥቁብንስ እነማን ናቸው? አብዛኞቹን እናውቃቸዋለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠንጋ ተራና ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች አንዱ ውስጥ፣ መግቢያ ከፍለው፣ ጠባብ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው የሚቀመጡት ናቸው። እነርሱም በነሐሴ ወር ከደብተራቸው ገጽ ይገነጥላሉ፤ ልዩነቱ የሚጽፉት የለንደን ወይም የማንችስተር አሰላለፍ መሆኑ ነው። ከእነርሱ መኻል በ1996 ዓ.ም. አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን የሆነውን አርሴናልን ይዘው፣ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለውን የሊግ ዋንጫ ከሃያ ዓመት በላይ የጠበቁ አሉ። በዚህ አንሥቅም፤ ይልቁንም እናደንቃቸዋለን። ግን አንድ ጥያቄ አለን። የለንደን ቡድን ሲገነባ መጠበቅ ትዕግሥት፣ የአዲስ አበባ ቡድን ሲገነባ መጠበቅ ሞኝነት የሚባለው በየትኛው ሕግ ነው? የለንደኑ ቡድን ቢወድቅም ቢነሣም የልደታን ተማሪ አይሰማውም። የእኛ ቡድን ግን፣ ቢያንስ በመርህ ደረጃ፣ ጮኸን የምንጠይቀውና መልስ የሚያወጣ ሰው ያለበት ነው። የሰው ቡድን ማየት ክፉ ነው አላልንም፤ እኛም እናያለን። ያልነው፣ በሩቅ የሚያምን ሰው በቅርብ በሚያምነው ላይ የመሣቅ መብት የለውም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። «በግንባታ ላይ ነን» የሚለውን ቃል በየክረምቱ ከክለቦቻችን አፍ እንሰማለን። ይህን ቃል እኛ ልደታ የምንውል ሰዎች በሚገባ እናውቀዋለን። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የልደታ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ በቦታው ኮንዶሚኒየም ተሠራ፤ ከዚያም የከተማው ባቡር ሐዲድ መጣ፤ ዛሬም ከግቢያችን ስንወጣ ወይ ቁፋሮ ወይ ፌሮ ያጋጥመናል። ስለዚህ መሐንዲስ ሳንሆን እንኳ አንዳንድ ነገር ተምረናል። መሠረት ተቆፍሮ አርማታ ከፈሰሰበት በኋላ ውኃ እየጠጣ ይቆያል፤ ሠራተኛው ቢቸኩልም አርማታው አይቸኩልም። ደግሞም በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ የአምናውን ኮለን ነቅሎ ሌላ ኮለን የሚተክል ተቋራጭ እስከ ዛሬ አላየንም። ቢኖርስ ማን ሕንፃ ሠሪ ይለዋል?

በእግር ኳሳችን ግን ይህ ሰው ገንቢ ይባላል። ክረምት ሲገባ የስድስት ወይም የሰባት ተጫዋች ውል ያልቃል፤ ይሄዳሉ። ስድስት ወይም ሰባት ሌሎች ይመጣሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ማልያ ይዘው ይታያሉ። አሠልጣኙም አዲስ ነው። በጥቅምት «ቡድኑ ገና አልተዋሐደም» ይባላል፤ በጥር «መዋሐድ ጀምሯል» ይባላል፤ በሰኔ ውል ያልቃል። ይህ ግዢ ነው እንጂ ግንባታ አይደለም። ግዢ ደግሞ አንዳንዴ ዋንጫ እንደሚያመጣ አንክድም፤ ግን የመጣው ዋንጫ የት ደረሰ ብለን እንጠይቅ። ደደቢት የሀገሪቱን ስመ ጥር ተጫዋቾች ሰብስቦ በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር ከታች ባደገበት በዚያው በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን አነሣ፤ እኛም አፋችንን ይዘን አደነቅን። በ2014 ዓ.ም. ወረደ። የጅማ ልጆች በዚያ በአራት ዓመት ውስጥ ያዩትን ደስታና ኀዘን ስናስብ፣ ያንን ዋንጫ እንመኝላችሁ ቢሉን ትንሽ እናመነታለን። (ትንሽ ነው ያልነው። ዋንጫ ዋንጫ ነው።)

«ታዲያ ግንባታ የምትሉት ምን ዓይነት ነው? በዚህ ሀገር ታይቶስ ያውቃል?» የሚለን ይኖራል። ታይቷል። ከአያቶቻችን የሰማነውን እናስታውስ።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲደረግ፣ የኢትዮጵያ ቡድን ለፍጻሜ ደርሶ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በ1951 ዓ.ም. ሁለተኛው ውድድር ካይሮ ላይ ሆነ፤ እንደገና በዚያው በግብፅ ቡድን 4 ለ 0፣ በሱዳንም 1 ለ 0 ተሸንፈን መጨረሻ ሆነን ተመለስን። ሁለት ውድድር፣ በአንድ ባላጋራ ስምንት ግብ፣ በእኛ በኩል ባዶ። የዛሬው የክበባችን ፈላስፋ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ምን ይል እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም። «ይህ ቡድን አይሆንም፤ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል» ይል ነበር። ሰዎቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ይድነቃቸው ተሰማ ቡድኑን መሩ። ከአሥመራ የተገኙት ወንድማማቾቹ ሉችያኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ መንግሥቱ ወርቁ፣ ሌሎችም ከያሉበት መጥተው በአንድ ማልያ ተሰለፉ።

ጥር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈን ለፍጻሜ ስንደርስ የመጣው ማን ነው? ያው ግብፅ። ጨዋታው ሲጀመር እነርሱ ቀደሙ። ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና መሩን። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው አምበሉ ሉችያኖ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨመረው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2። ከመጀመሪያው የ4 ለ 0 ሽንፈት እስከዚህ ድል ድረስ ያለው ጊዜ አምስት ዓመት ነው። እኛ ግንባታ የምንለው ይህንን ነው። እንግዲህ የምንጠይቀው ተአምር አይደለም፤ ያልተቋረጠ አምስት ዓመት ነው። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ለአንድ አሠልጣኝና ለአንድ አሳብ አምስት ተከታታይ ዓመት የሰጡ ክለቦቻችን ስንት እንደሆኑ፣ አንባቢ በጣቱ ይቁጠር።

ከዚህ ላይ ወደ ራሳችን ቡድን ስንመለስ የምናፍርበት ነገር አለ፤ እንናገረው። ካሳዬ አራጌ፣ ቀድሞ ራሱ ለቡና የተጫወተ ሰው፣ ከ2012 የውድድር ዘመን በፊት አሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ይዞት የመጣው አሳብ ግልጽ ነበር። ኳስን ከግብ ጠባቂው ጀምሮ በአጭር ቅብብል ይዞ መውጣት፣ ተጫዋቹንም በዚህ አስተሳሰብ ማሳደግ። ያን ጊዜ አብዛኞቻችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ ስለ ቅብብል ስናወራ መምህር ያስወጣን ነበር። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ቡና ከፋሲል ከነማ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ አቡበከር ናስርም በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ አግብቶ በሊጉ ታሪክ ያልታየ ቁጥር አስመዘገበ። ይህ ሁሉ የሆነው ዋንጫ ሳይገኝ ነው፤ ነገር ግን ቡድኑ ምን መሆን እንደሚፈልግ የማያውቅ ተመልካች አልነበረም።

እኛስ ምን አደረግን? በጥቅምት ግብ ጠባቂው ኳሷን በእግሩ ሥር ይዞ ለቅርቡ ተከላካይ ሲያቀብል ከቴሌቪዥኑ ፊት አጨበጨብን። በታኅሣሥ ከእነዚያ ቅብብሎች አንዷ ተጠልፋ ግብ ስትሆን፣ ያጨበጨበው እጅ ጠረጴዛ መታ፤ ያመሰገነው አፍ «ምታው! ምታው እንጂ!» እያለ ጮኸ። በሦስተኛው ሽንፈት ላይ «አሠልጣኙ ይሂድ» ያሉ በመኻከላችን ነበሩ። ስማቸውን አንጠራም፤ ከእነርሱ አንዱ ይህን ጽሑፍ ከሚጽፉት እጆች የአንዱ ባለቤት ነውና። በ2014 አቡበከር ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ፤ እሰይ አልን፤ ከዚያው ዘመን ማብቂያ በኋላ ካሳዬም ከቡድኑ ተለያየ። የዚህ ሁሉ ምክንያት የደጋፊ ጩኸት ነው አንልም። የክለብ መሪ ለጩኸት ሲል ውሳኔ የሚለውጥ ከሆነ ግን ጩኸታችን ከቡድኑ ድንጋይ ሲፈነቅል እንደሚውል ማወቅ ነበረብን።

ሌላም ነገር አለ። ዘንድሮስ ብለን የምንጠብቀውን ቡድን በዓይናችን የምናየው ስንት ጊዜ ነው? ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መደረግ ሲጀምር፣ የአዲስ አበባ ደጋፊ ቡድኑን ለማየት ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ መሄድ ግዴታው ሆነ። ሐዋሳ ደርሶ መልስ ከኪሳችን ጋር እንደማይስማማ ለተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም። የብሔራዊ ቡድናችንም ዕጣ ከዚህ የከፋ ነበር። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች። ከ1954ቱ ድል ስድሳ ዓመት በኋላ የመጣ ደስታ ነው። ይህ «የሜዳችን» ጨዋታ የተደረገው ግን በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ በሀገራችን ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚበቃ ስታዲየም አልተገኘምና። በዚያ ምሽት የልደታ መንገድ በመኪና ጥሩምባ ሲናወጥ፣ እኛም ወጥተን ስንጮኽ፣ አንዱ ጓደኛችን ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ምን ሆንክ ብንለው «አያቴ ስታዲየም ሆኖ አየ፤ እኔ በስልክ አየሁ» አለ።

ይህን ሁሉ በክለብ መሪዎች ላይ ጭነን ወደ ክፍላችን ብንገባ ግን አድልዎ ይሆናል። የራሳችንን የግቢ ቡድን እንይ። ከሌሎች ኮሌጆች ጋር የሚደረግ ውድድር ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ጫማ ያለው ሁሉ ይመዘገባል፤ ሜዳው ግማሹ አሸዋና ጠጠር ስለ ተደፋበት በግማሽ ሜዳ ልምምድ ይደረጋል። በመጀመሪያው ጨዋታ እንሸነፋለን። ማልያው ታጥቦ መጋዘን ይገባል፤ ኳሷም ይቆለፍባታል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ልጆች ማን እንደተጫወተና እንዴት እንደተሸነፈ እንኳ የሚነግራቸው የለም። ያን ጊዜም «ቡድኑ አዲስ ነው፤ በግንባታ ላይ ነው» እንላለን። መምህራኖቻችን ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንዳይሉ፤ ይህ የእግር ኳስ ብቻ ጠባይ አይደለም። በየዓመቱ ተቋቁሞ በየዓመቱ የሚፈርስ የተማሪ ክበብ፣ ሁለት ዕትም አውጥቶ የሚቆም መጽሔት ሁሉ ከዚሁ ቤት ነው። (ይህች ወረቀት ሦስተኛ ዕትሟን ካየች ስለ ራሷ ሌላ ጊዜ ትናገራለች።)

እንግዲህ በዚህ ክረምት የምንመኘው ምንድን ነው? በእግር ኳሳችን ቋንቋ ለወጣቶቹ ቡድን የወጣለት ስም «ተስፋ ቡድን» መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስሙን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባናውቅም ብልህ ሰው ነበር። ክለቦቻችን የክረምቱን ወሬ ሲነግሩን ከማን ጋር እንደተፈራረሙ ብቻ ይነግሩናል፤ ከተስፋ ቡድኑ ስንት ልጅ እንዳሳደጉ፣ ካደጉትም ስንቱ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሳይደርቅ ሜዳ እንደሚገባ አይነግሩንም። እኛ ደግሞ ስለማንጠይቅ አይነግሩንም። ዘንድሮ ከደብተራችን በምንገነጥለው ገጽ ላይ፣ ከዐሥራ አንዱ ስም ውስጥ ሁለቱ ከተስፋ ቡድን የመጡ እንዲሆኑ እንፈልጋለን። አሠልጣኙም፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይዞት የመጣውን አሳብ በመስከረም እንዲነግረንና በሚቀጥለው መስከረም እዚያው ሆኖ እንድናገኘው እንፈልጋለን። ሦስተኛም ሆነን ብንጨርስ፣ ስድስተኛም ብንሆን፣ የአምናው ቡድን የዘንድሮው ቡድን ታላቅ ወንድም መሆኑን ካየን እንታገሣለን። ሻምፒዮን ሆነን ግማሹ ቡድን በሐምሌ ከተበተነ ግን፣ በደስታው ዕለት እንጨፍርና በማግሥቱ እንጠይቃለን።

ከእኛም በኩል የሚጠበቅ አለ። ከሚሥቁብን ጋር ባለፈው ሐሙስ ማታ ከተከራከርን በኋላ አንድ ወረቀት ጽፈናል። በወረቀቱ ላይ የሚፈርም ደጋፊ፣ የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ የአሠልጣኝ መባረር ላለመጠየቅ፣ ግብ ጠባቂው አጭር ሲያቀብልም «ምታው» ብሎ ላለመጮኽ ቃል ይገባል። ቃሉን ያፈረሰ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ለተቀመጠው ሁሉ ሻይ ይከፍላል። ወረቀቱ ክበቡ በር ላይ ተለጥፏል። እስከ ትናንት ማታ ድረስ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ፈርሞበታል፤ ከእነዚህም ሁለቱ የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ናቸው። ምን አስበው እንደፈረሙ እስካሁን አልነገሩንም።